ስምን ፓርላማ ሲያወጣው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር። ያ ድሮ ነው። በእኛ ዘመን ስም የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሲያሻው «አሸባሪ» ብሎ ይሰይማል፣ ሲያሻው ደግሞ ያንኑ ስም ከመዝገቡ ይፍቃል። ሁለቱንም የሚያደርገው በአንድ ቀን ስብሰባ፣ እጅ በማውጣት ነው። በመካከሉ በዚያ ስም የታሰረው፣ የተሰደደው፣ የሞተው ሰው ከየትኛው መዝገብ እንደሚፋቅ ግን እስካሁን የነገረን የለም።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ኦሮሞ ነጻነት ግንባር፣ ስለ ኦነግ ታሪክ ነው። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፤ አለዚያ አንባቢ ፍሬ ነገሩን ትቶ የጸሐፊውን ዘር ሲፈልግ ጊዜውን ያባክናል። የግንባሩ አባል ሆኜ አላውቅም፤ ደጋፊውም አይደለሁም። የመገንጠል ጥያቄውን ከተማሪነቴ ጀምሮ ተቃውሜዋለሁ፣ ዛሬም እቃወመዋለሁ። ኦሎምፒያ ነው የምኖረው፤ በአንድ ሕንጻ ደረጃ ላይ አራት ቋንቋ በሚሰማበት ሰፈር የሚኖር ሰው ካርታ የሚቆራርጥን ፖለቲካ በቀላሉ አይወድም። ስለዚህ የምሟገተው ለኦነግ አይደለም። ጠበኛዬ አንድን የፖለቲካ ድርጅት ያለ ችሎት በስም ብቻ የመቅበር ልማዳችን ነው። ልማዱ ደግሞ ከአንድ መንግሥት ጋራ መጥቶ ከአንድ መንግሥት ጋራ የሄደ አይደለም።

ነገሩ ከኦነግ ይቀድማል። በ1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ሲመሠረት በአገሪቱ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የንጉሡ ዘመን የፓርላማ ተወዳዳሪዎች እንኳ የሚቀርቡት በግላቸው ነበር። ማኅበሩ የተነሣው ትምህርት ቤትና መንገድ ላሠራ ብሎ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ታገደ። ጄኔራል ታደሰ ብሩ ታሰሩ፤ መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በስቅላት ተቀጡ። ታደሰ ብሩ በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ለወታደራዊ ሥልጠና አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ከአሠልጣኞቻቸው አንዱ ነበሩ። የማንዴላ ድርጅት ያኔ በአገሩ ከታገደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ የእኛ መንግሥት የደቡብ አፍሪቃን የታገደ ድርጅት ሰው እያሠለጠነ፣ ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙን በታገደ ማኅበር ሰበብ አሰረ። ተማሪው ድርጅቱ ሲፈቀድለት ለማየት በቃ። መምህሩን ደርግ በ1967 ዓ.ም. ረሸናቸው።

መረዳጃ ማኅበሩ ከደርግ ውድቀት በኋላ ቢያንሰራራም በ1996 ዓ.ም. እንደገና ፈቃዱ ተሰርዞ መሪዎቹ ታሰሩ። ዕድር የሚመስል ማኅበር በሁለት ሥርዓት ሁለት ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው! የሚረዳዳበትን ደጅ የዘጉበት ሰው በየት በኩል ይመጣ ይሆን ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን ስለ መኖሩ አላነበብሁም።

ኦነግ የተጠነሰሰው በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከጠንሳሾቹ አንዱ ባሮ ቱምሳ ጫካ ከመግባታቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአደባባይ ይሠሩ ነበር፤ ኢጭአት ደርግ ከፈቀዳቸው አምስት የኢማሌድኅ ድርጅቶች አንዱ ነበርና። እነዚያ አምስቱ እንዴት እንዳለቁ አንባቢ ያውቃል። መኢሶንን ሲበሉ ኢጭአት አብሮ አጨበጨበ፣ ኢጭአትን ሲበሉ ሌላው አጨበጨበ፣ በመጨረሻ በ1977 ዓ.ም. የቀረው ኢሠፓ ብቻ ሆነ። የባሮ ወንድም ቄስ ጉዲና ቱምሳ ፓርቲም አልነበራቸውም፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ። የት እንደ ወደቁ የታወቀውና አፅማቸው በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልብ ልግባ። በሰኔ መጨረሻ 1983 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ በተደረገው ጉባኤ ኦነግ እንግዳ አልነበረም፤ ባለቤት ነበር። ከ87ቱ የሽግግር ምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግ 32 ሲይዝ ቀጥሎ ብዙ ወንበር የያዘው ኦነግ ነው፤ 12 ደረሰው። ኢሕአፓና መኢሶን ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ኦነግም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «እነዚያስ?» አላለም። ይህን መርሳት የለብንም። የመንግሥቱ የትምህርት ሚኒስትር የግንባሩ ሰው ኢብሳ ጉተማ ነበሩ፤ የእርሻ ሚኒስትሩም በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ስማቸው የሚነሣው ዘገየ አስፋው። የኦሮምኛ ትምህርት በቁቤ እንዲሰጥ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. በዚያ ሚኒስቴር ዘመን ነው። እንግዲህ ድርጅቱ ተባረረ፣ ታገደ፣ አሸባሪ ተባለ፤ ፊደሉ ግን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀረ። መንግሥት በአንድ እጁ በቁቤ የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ እያሳተመ በሌላው እጁ ቁቤን ያመጣውን ሰው ያሳድድ ነበር። የብሔር ብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት አንቀጽ 39 ብሎ ሕገ መንግሥት ውስጥ ያስገባውም ያው መንግሥት ነው። ሐሳቡን ወርሶ ባለ ሐሳቡን ከቤት ማስወጣት ይሉታል ይህንን።

በሰኔ 1984 ዓ.ም. የክልል ምርጫ ሲደረግ ኦነግ ምርጫውን ትቶ ከመንግሥት ወጣ፤ ጦሩም ከካምፕ ወጥቶ ውጊያ ተጀመረ። ማን ማንን ገፋ የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሰዎች ልተወው፤ የሁለቱንም ወገን ሰዎች ጽሑፍ አንብቤ ያተረፍሁት አንዱ ሌላውን ያምን እንዳልነበረ ብቻ ነው። የማያከራክረው የተከተለው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ተዋጊውም ተዋጊ ያልሆነውም፣ በሁርሶና በደዴሳ ካምፖች ታጎሩ። ከዚያ ወዲያ ኦነግ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ማንም ያላገደው፣ ማንም ያልፈቀደው ድርጅት ሆኖ ኖረ። አልተከሰሰም፣ አልተፈረደበትም፤ ስሙ ግን ሰው ያስከስስ ጀመር።

በዚያ ዘመን አብሮኝ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ሰውየው የሚወደው ሁለት ነገር ነው፤ ቡናውንና የኦሮምኛ ዘፈን ካሴቶቹን። ካሴቶቹ መካከል አንዱ «የኦነግ ነው» ተብሎ ከመሥሪያ ቤት ተወሰደ። ከሦስት ወር በኋላ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ፤ ወንበሩ ግን ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። «ወንድሜ፣ ምን ብለው ጠየቁህ?» ብለው፣ «ምንም አልጠየቁኝም፤ ኦነግ ነህ አሉኝ እንጂ» አለኝ። ኦነግ አይደለሁም የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? የአባልነት መታወቂያ ያለው ሰው መታወቂያውን ይመልሳል፤ የሌለው ሰው ምኑን ይመልሳል?

ከዚህ በኋላ ሕግ መጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ምክር ቤቱ በመንግሥት አቅራቢነት አንድን ድርጅት አሸባሪ ብሎ እንዲሰይም ሥልጣን ሰጠው። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ምክር ቤቱ አምስት ድርጅቶችን በአንድ ውሳኔ ሰየመ፤ አልቃይዳ፣ አልሸባብ፣ ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7። ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ የያዙት ምክር ቤት ነበር። ከሳሹ መንግሥት፣ ዳኛው የመንግሥት ፓርቲ፤ ተከሳሹ በሌለበት፣ ጠበቃው ባልተጠራበት ያለቀ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አንድ ሌባ እንኳ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ስሙን የሚያነሣው ድርጅት ግን የሌባን ያህል መብት አላገኘም።

ታዲያ ውሳኔው ማንን መታ? የኦነግ መሪዎች አሥመራና አውሮጳ ነበሩ፤ አንዲት ፀጉራቸው አልተነካችም። የተመታው አዲስ አበባ የነበረው ሰው ነው። ውሳኔው ሦስት ወር ሳይሞላው በነሐሴ 2003 በቀለ ገርባና ኦልባና ሌሊሳ ታሰሩ። ሁለቱም በምርጫ ቦርድ የተመዘገቡ፣ ቢሮ ያላቸው፣ በምርጫ የሚወዳደሩ ፓርቲዎች አመራር ነበሩ፤ በቀለ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር። የቀረበባቸው ክስ ከኦነግ ጋራ ማበር ነው። በ2005 ዓ.ም. በቀለ ስምንት ዓመት፣ ኦልባና አሥራ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ሰላማዊውን መንገድ የመረጠው ሰው በጠመንጃው ሰው ስም ሲታሰር፣ ለወጣቱ የተላለፈው መልእክት ምን እንደ ነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ከ2003 ጀምሮ ባሉት ሦስት ዓመታት ቢያንስ 5,000 የኦሮሞ ተወላጆች ተቃዋሚ ናችሁ፣ አለያም ልትሆኑ ትችላላችሁ ተብለው መታሰራቸውን ገልጿል። «ልትሆኑ ትችላላችሁ» የምትለዋን ሐረግ አንባቢ ደግሞ ያንብባት።

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ ጊዜ ቱርክን ይጠቅሱልኛል። «ቱርክም የኩርዶችን ፓርቲ ታግዳለች፤ የትም ያለ ነው» ይላሉ። መልካም፣ ቱርክን እንያት። የሕዝብ የሥራ ፓርቲ በእ.ኤ.አ. 1993 ተዘጋ፤ ተከታዩ የዴሞክራሲ ፓርቲ በ1994፤ ሐዴፕ በ2003፤ የዴሞክራሲያዊ ማኅበረሰብ ፓርቲ በ2009። ሌይላ ዛና የምትባለው እንደራሴ ቃለ መሐላዋ ላይ በኩርድኛ አንድ ዓረፍተ ነገር በመጨመሯ የተጀመረው ጣጣ አሥር ዓመት እስር ቤት አስቀመጣት። ጨካኝ ታሪክ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚህን ፓርቲዎች የዘጋቸው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ክስ ተጽፎ፣ መልስ ተሰጥቶ፣ የተቃወመ ዳኛ ካለ ተቃውሞው ሰፍሮ። በዚህም የተነሣ የተዘጉት ሰዎች መዝገባቸውን ተሸክመው ስትራስቡርግ ሄዱ፤ የአውሮጳ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2002 የመጀመሪያው ፓርቲ መዘጋት የመደራጀት መብትን የጣሰ ነው ብሎ ፈረደላቸው። እኛ ዘንድ ይግባኝ የሚባልበት መዝገብ እንኳ የለም። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ መዝጋት ምን አተረፈ? በሰኔ 2015 በተደረገው የቱርክ ምርጫ የእነዚያ ፓርቲዎች ወራሽ ሃዴፔ 13 በመቶ ድምፅና 80 ወንበር ይዞ ፓርላማ ገባ። ወዳጆቼ ቱርክን ሲጠቅሱ ይህን አይጨምሩም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚከብደኝን ሙግት አልሸሽም። «በደኖስ?» የሚለኝ አለ። ይበለኝ። በ1984 ዓ.ም. በሐረርጌ በደኖ ላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዐማሮች፣ ተገድለው ገደል ተጣሉ። በአርባ ጉጉም ደም ፈሰሰ። የበደኖው ጣት የተቀሰረው ኦነግ ላይ ነው፤ ግንባሩ ክሱን ይክዳል፣ ወደ ሌላ ያመለክታል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ክሱና ክህደቱ ፊት ለፊት የሚጋጠሙበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው፣ እዚያ ግን የግንባሩ መሪዎች ቆመው ሲጠየቁ አላየሁም። ደግሞ ዘመኑን አስቡት፤ በደኖ የሆነው ኦነግ የመንግሥት አካል በነበረበት ወራት ነው። የያኔው መንግሥት ኦነግን በደኖ ላይ ሊከስሰው በቻለበት ጊዜ አልከሰሰውም፤ አሸባሪ ያለው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሥልጣኑን ባሰጋው ጊዜ፣ ከአልቃይዳ ጋራ ደባልቆ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጦር መሣሪያ ማመፅን ይቀጣል፤ ግድያንም ይቀጣል፤ የሚቀጣው ግን ስም ያለውን ሰው፣ ቀን ያለውን ድርጊት ነው። «አሸባሪ ድርጅት» የሚለው ስያሜ የመጣው ይህን ድካም ለመቀነስ ነው። ገዳይን ፈልጎ፣ ምስክር ሰምቶ፣ ለሟች ቤተሰብ እውነቱን መንገር አድካሚ ነው፤ እጅ ማውጣት ደግሞ ቀላል። ስለዚህ «ኦነግ መታገዱ ለበደኖ ሟቾች ካሣ ነው» የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። እገዳው የቀበረው የኦነግን ስም ብቻ አይደለም፤ የእነሱንም መዝገብ ነው።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. ደረሰ። በሰኔ ወር አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር በምክር ቤቱ ፊት ቆመው መንግሥት ራሱ በእስረኞች ላይ በፈጸመው ማሠቃየት የሽብር ሥራ ሠርቷል አሉ። ሰኔ 28 ቀን ያው ምክር ቤት ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከዝርዝሩ አወጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ እነ በቀለን ያሳሰረ ስያሜ በአንድ ስብሰባ ተነሣ። ስሕተት ነበር? ከሆነ የተሳሳተው ማን ነው? ስሕተት አልነበረም? ካልሆነ በምን ተነሣ? ያነሡት እጆች ሲሰይሙ ከነበሩት እጆች አብዛኞቹ የአንድ ግንባር እጆች ናቸው፤ ይቅርታ የጠየቀ እጅ ግን አልነበረም።

መስከረም 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ዳውድ ኢብሳና ጓዶቻቸው ሲመለሱ መስቀል አደባባይ በሕዝብ ሞላ። ከኦሎምፒያ እስከዚያ በእግር ቅርብ ነው፤ ወጣቶች ያን ቀደም ብሎ የሚያሳስር ባንዲራ ለብሰው በቦሌ መንገድ ሲወርዱ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ደስታቸው እውነተኛ ነበር። በእነዚያው ቀናት ቡራዩ ላይ የጋሞና የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆች ተገደሉ፣ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ማየት የሚችል ሰው በዚያ ሳምንት በሰፈሬ ጥቂት ነበር። አንዱ ጎረቤቴ «ይኸው፣ ፈቀድንላቸውና!» አለኝ። ማን ገደለ የሚለውን ሳይጠይቅ ማን ይታገድ ወደሚለው ዘለለ። መንግሥትም ከጎረቤቴ የሚለየው ማኅተም በመያዙ ብቻ ነው።

የተፈቀደው ኦነግ እንዴት ኖረ? ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ሊቀ መንበሩ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደረጉ፤ ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ቢሮዎቹ ተዘጉ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ አልተሳተፈም። የምርጫ ቦርድ መዝገብ ላይ ግን ሕጋዊ ፓርቲ ነው። ከዚህ ወዲህ ማገድ አዋጅ አላስፈለገውም፤ የቢሮ ቁልፍ ይበቃዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአመራሮቹ አንዱ በቴ ኡርጌሳ በትውልድ ከተማው በመቂ ተገድሎ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ግድያው በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር ጠየቀ።

ምክር ቤቱም ስም ማውጣቱን አልተወም። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕወሓትንና «ሸኔ»ን በአሸባሪነት ሰየመ። «ሸኔ» ማለት ምን እንደሆነ የጠየቀ አለ? «ሸን» በኦሮምኛ አምስት ነው፤ የግንባሩን የአመራር ኮሚቴ ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ቅጽል ነው። ታጣቂው ቡድን ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ጦር እያለ ይጠራል። ምክር ቤቱ ማንም በፈቃዱ «እኔ ነኝ» በማይልበት ስም ድርጅት አገደ። ይህ ለአሳሪው ምቹ ነው፤ ድንበር የሌለው ስም ማንንም ያስገባልና። በወለጋ ሰላማዊ ሰዎችን የጨፈጨፈው ሰው በስሙና በድርጊቱ ይያዝ፤ በዚህ የሚከራከረኝ የለም። ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ «ሸኔ ነህ» የሚባለው ገበሬ ግን ያው የእኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ስሙ ተቀየረ እንጂ።

የሕወሓት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2003 እጅ ያስወጣው የኢሕአዴግ አውራ በ2013 ራሱ ተሰየመ። በጥር ወር ምዝገባው ተሰረዘ፣ በሚያዝያ አሸባሪ ሆነ፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በመጋቢት 2015 ስያሜው ተነሣለት፣ በ2016 መጨረሻ በልዩ ሁኔታ ተመዘገበ፣ በግንቦት 2017 እንደገና ተሰረዘ። ይህን ሳነብ የሳቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ «የእጁን አገኘ» እያሉ። እኔ አልሳቅሁም። ኢጭአትም በመኢሶን ላይ ሲደርስ እንዲሁ ተደስቶ ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። በ2003 ዓ.ም. አምስቱን ድርጅቶች ለመሰየም ለምክር ቤቱ የቀረበው ማስረጃ ይውጣ። በ2010 ሦስቱን ለማንሣት የቀረበው ምክንያት ይውጣ። በመካከሉ ባሉት ሰባት ዓመታት በስያሜው መነሻነት የተፈረደባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ይውጣ፤ ፍርዱም በፍርድ ቤት ይሻር፤ በምሕረት የወጣ ሰው ዛሬም ወንጀለኛ እንደሆነ ነውና። በደኖና አርባ ጉጉ የዐይን ምስክሮቹ ሳያልቁ ክስ ይከፈትባቸው፣ ጣት የተቀሰረባቸው ሁሉ፣ ኦነግም ኦሕዴድም፣ ቀርበው ይመልሱ። ከዚህ በኋላ ይህ ፓርቲ ይዘጋ የሚል መንግሥት ካለ ማስረጃውን ተሸክሞ ዳኛ ፊት ይቁም፤ ፓርቲውም ጠበቃውን ይዞ ከፊቱ ይቁም፤ ሕዝብ በሩ ተከፍቶለት ይስማ።